ኤሲው «ጋዝ ጨርሷል» ከመባሉ በፊት፦ ሙቀቱ ሳይገባ በቤት የሚሠራ ጽዳት

ሙቀቱ የገባ ሰሞን ሁሉም ሰው ኤሲውን ይከፍታል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይደነግጣል። የአንዱ ይነፍሳል እንጂ አይቀዘቅዝም። የሌላው ግድግዳ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። የሌላው ደግሞ ገና ሲነሳ ቤቱ የረጠበ ካልሲ፣ የረጠበ ካልሲ ይሸታል። በዚያ ሰሞን ቴክኒሻን ማግኘት መከራ ነው። የተገኘውም ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው ስለሆነ ገባ ይልና ነካካ አድርጎ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል። ሞልቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ ግን ያለቀ ነገር የለም። የተደፈነ ነገር ነው ያለው። የተደፈነውን መክፈት ደግሞ አብዛኛው በእጃችሁ የሚሠራ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ስለ ስፕሊት ኤሲ ነው፤ ማለትም አንዱ አካሉ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሌላው ውጪ ስለሚቀመጠው። ባለሙያዎች ኢንዶር እና አውትዶር ይሏቸዋል። እኔ የውስጡና የውጪው እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሠራሩን በአጭሩ

ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም። የክፍሉን ሙቀት ተሸክሞ ውጪ ይጥላል። የውስጡ ፋን የክፍሉን አየር ይስብና ኮይል በሚባለው ቀዝቃዛ የቱቦ ጥቅል መሃል ያሳልፈዋል። በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ሙቀቱን ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ወደ ውጪው ኮይል ይገፋዋል። እዚያ ሌላ ፋን አየር ይነፋበትና ሙቀቱ ይወጣል። ጋዙም ተመልሶ ይገባል። ይኸው ነው፤ ዙር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጋዙ የሚዞረው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው። እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አየር የግድ ማለፍ ያለበት ሁለት ቦታ አለ፤ የውስጡ ኮይልና የውጪው ኮይል። አንዱ በአቧራ ከተደፈነ ጋዙ ሙሉ ቢሆንም ክፍሉ አይቀዘቅዝም። ለዚህ ነው ጽዳቱ ከጋዙ ወሬ የሚቀድመው።

መቼ ይሠራ?

ሙቀቱ ከመግባቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ። ከጽዳቱ በኋላ መሞከር ስላለባችሁ ሞቅ ያለ ቀን ምረጡ። ቀኑ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ኤሲውን በማቀዝቀዣው አታስነሱት። እያንዳንዱ ኤሲ ሊሠራበት የሚችል ዝቅተኛ የውጪ ሙቀት መጠን አለው፤ በመመሪያ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩት ከሆነ ግማሽ ቀን ስጡት።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ ባልዲ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ጨርቅ፣ ትልልቅ ፌስታል፣ በእጅ የሚረጭ የውሃ መርጫ፣ ጓንትና ማስክ። አቧራ የሚመጥ ማሽን ካለ እሰየው። ከሁሉም በላይ ግን የማይወዛወዝ መሰላል ይኑራችሁ። ወንበር ላይ በርጩማ ደርቦ መውጣት የሚባል ነገር የለም።

መብራቱን ከምንጩ አጥፉ

በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። ሪሞቱ ኤሲውን ያስተኛዋል እንጂ ከመብራት አይለየውም። የኤሲውን ብሬከር ዝቅ አድርጉ፤ ሶኬት ላይ የተሰካ ከሆነም ንቀሉት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ብሬከሩን እንዳይነካ ንገሩት፤ ባይሆን ወረቀት ለጥፉበት። «ምን ነካው ይሄ?» ብሎ መልሶ የሚያበራ ሰው አይጠፋም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። የውጪው አካል ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ አለ። መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይና ሊመታ ይችላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ክዳን አትክፈቱ። እዚህ የምንሠራው ነገር ሁሉ እሱን ሳይነኩ የሚያልቅ ነው።

ፊልተሩ

ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ብቻ ትሠራላችሁ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የቆሸሸን ፊልተር በንጹሕ መተካት ኤሲው የሚበላውን መብራት ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ለአሥር ደቂቃ ሥራ ደግሞ ይህ ጥሩ ክፍያ ነው።

የውስጡን አካል የፊት ክዳን በግራና በቀኝ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ቀጭ ብሎ ይቆማል። ከሥሩ መረብ የሚመስሉ ሁለት ፊልተሮች ታያላችሁ። ከታች ያለውን እጀታቸውን ትንሽ ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ከጥፍሩ አላቁትና ወደ ታች ሳቡ። ቀስ በሉ፤ ያ ሁሉ አቧራ አልጋችሁ ላይ እንዳይዘንብ። ከሥር አሮጌ አንሶላ ማንጠፍ አይጎዳም።

አቧራው የተጋገረው ፊልተሩ ወደ ክፍሉ በሚያየው ፊት ላይ ነው። መምጠጫ ካላችሁ በዚያ በኩል ምጠጡት። ቀጥሎ ገልብጡትና ውሃውን ከኋላ ወደ ፊት ልቀቁበት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። አቧራው ባለበት በኩል ውሃ ሲለቁበት አቧራው ጭቃ ይሆንና መረቡ ቀዳዳ ውስጥ ይቀረቀራል። ከኋላ ከለቀቃችሁበት ግን እንደ ቆዳ ተገፎ ሲወርድ ታዩታላችሁ። ቅባት ካለው፣ በተለይ ወጥ ቤት አጠገብ የተሰቀለ ኤሲ ከሆነ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሳሙና ጨምራችሁ ዘፍዝፉት፤ በለስላሳ ብሩሽ አሹት። ውሃው ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ማድረቂያውም ጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት እዚያው ያጣምመዋል። ሳይደርቅ መልሶ መግጠም ደግሞ ሻጋታን በክብር እንደ መጋበዝ ነው።

ከትልቁ ፊልተር ጀርባ አንዳንድ ኤሲ ላይ ትንንሽ ተጨማሪ ፊልተሮች ይኖራሉ፤ ሽታ የሚይዙ ወይም ደቃቅ ብናኝ የሚያጠሩ። እነዚህ ብዙዎቹ ውሃ አይነካቸውም፤ ጊዜያቸው ሲያልፍ ይቀየራሉ። መመሪያውን ሳታዩ አትጠቧቸው።

የውስጡ ኮይል

ፊልተሩ ከወጣ በኋላ የሚታየው የብር ቀለም ያለው ጥርስ ጥርስ ነገር ኮይሉ ነው። ጥርሱ ፊን ይባላል፤ በጣም ስስ አሉሚኒየም ነው። በጥፍር ብትነኩት ይተኛል፤ የተኛ ፊን ደግሞ አየር አያሳልፍም። ጠርዙም እጅ ይቆርጣል። ጓንቱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

የእጅ ባትሪውን ከጎን አድርጋችሁ አብሩበት። በቀጥታ ካበራችሁበት ንጹሕ ይመስላል፤ ከጎን ሲሆን ግን በፊኖቹ መካከል የተጎዘጎዘው አቧራ ይታያል። ደረቅ አቧራ ከሆነ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ፊኑ በተሰለፈበት አቅጣጫ ብቻ ጥረጉት። በአግድም መጥረግ ክልክል ነው። ቀጥሎ ለኤሲ ኮይል ተብሎ የተሠራ የአረፋ ማጽጃ ካገኛችሁ ንፉበት፤ በላዩ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በመርጫው በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። አረፋው ቆሻሻውን ይዞ ወደ ውሃ መቀበያው ገንዳ ይወርዳል።

ከመርጨታችሁ በፊት የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ በየትኛው ጎን እንዳለ እዩ። በአብዛኞቹ ላይ በስተቀኝ ነው፤ ገመዶቹ የሚገቡበት ጎን። ያንን በፌስታልና በደረቅ ጨርቅ ሸፍኑት። ወደዚያ አቅጣጫ አንዲት ጠብታ እንኳ አትርጩ።

በረኪናስ? አይሆንም። አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ጠረኑም ለቀናት ክፍላችሁ ውስጥ ይነፍሳል። አንዳንዱ ደግሞ «ይበልጥ ያጸዳል» ብሎ በረኪናን ከአቼቶ ጋር ይቀላቅላል። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። በጭራሽ።

የሽታው ምንጭ፦ ፋኑ

ፊልተሩን አጥባችሁ፣ ኮይሉን አጽድታችሁ አሁንም የሚሸት ከሆነ ጥፋተኛው ይህ ነው። አየር የሚወጣበትን የታችኛውን ክንፍ በእጃችሁ በቀስታ ክፈቱና ወደ ውስጥ አብሩ። ረጅም፣ ክብ፣ ዙሪያውን ቀጫጭን ምላስ ያለው ጥቅል ነገር ታያላችሁ። ያ ነው ፋኑ። በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። እያንዳንዱ ምላስ ላይ ግራጫ አቧራ ተጋግሮ፣ በላዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ኤሲው በተነሳ ቁጥር ያ ብናኝ ፊታችሁ ላይ ይነፍሳል ማለት ነው።

የሚገርመው፣ በዚህ ቆሻሻ የሚጠፋው ንጹሕ አየር ብቻ አይደለም። የፋኑ ምላስ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ የተሠራው አየር እንዲዝቅ ነው። ጎድጓዳው በአቧራ ከሞላ ፋኑ ይሽከረከራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ የሚወጣው አየር ግን ደካማ ነው። «ኤሲው ደከመ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ለማጽዳት በውስጡ አካል ዙሪያ ትልቅ ፌስታል አስራችሁ ጫፉን ባልዲ ውስጥ ክተቱ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የማጠቢያ ሽፋንም አለ። ፋኑን በሳሙና ውሃ ወይም በአረፋ ማጽጃው እርጠቡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይለስልስ። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ምላሱን አንድ በአንድ፣ ፋኑን በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ አሹት። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። ግን ባልዲው ውስጥ የሚወርደው ውሃ ቡና መስሎ ሲወርድ ስታዩ ለመተው አታስቡም። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በመርጫው አለቅልቁ። በግማሽ የጸዳ ፋን ሚዛኑን ይስትና ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ወይ ሙሉውን ወይ ምንም።

ማስክ አድርጉ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ያን ሰዓት ሌላ ክፍል ይሁን። ሻጋታው ከኮይሉ ጀርባ ድረስ ገብቶ ከሆነ ግን ሙሉ ኢንዶሩ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። ያ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ገንዘብ የሚወጣበትም ነገር ካለ እሱ ነው።

የውሃ ማፍሰሻው

እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ የነደፈው ሰውን ለማቀዝቀዝ አልነበረም። ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ተቸግሮ ነበር። አየሩ ሲረጥብ ወረቀቱ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ቀለሞቹም አንዱ በሌላው ላይ ልክ አልቀመጥ አሉ። ማሽኑ የተሠራው ከአየሩ ላይ እርጥበት ለመቀነስ ነው።

ዛሬም ኤሲ ይህን ሥራውን አልተወም። ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን ኮይል ሲነካ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ይቀየራል። እርጥበት በበዛበት ቦታ አንድ ኤሲ በቀን በርካታ ሊትር ውሃ ያወጣል። ያ ውሃ ከኮይሉ ሥር ባለው ገንዳ ተጠራቅሞ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጪ ይወርዳል። ቱቦው ጨለማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ አቧራ አለበት። በውስጡ ዝልግልግ ነገር ይበቅላል። ሲደፈን ውሃው መሄጃ ያጣና በግድግዳው ይወርዳል። ሰው ግን ኤሲው ተበላሸ ይላል።

ፍተሻው ቀላል ነው። የቱቦውን የውጪ ጫፍ ፈልጉ። በሌላ ሰው እገዛ አንድ ጠርሙስ ውሃ ወደ ውስጠኛው ገንዳ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ውጪ ወዲያው ከወረደ ደህና ነው። ጠብ ጠብ ካለ ወይም ጭራሽ ካልመጣ ተደፍኗል። ያን ጊዜ ውሃ መምጠጥ በሚችል የመምጠጫ ማሽን አፉን በቱቦው የውጪ ጫፍ ላይ ገጥማችሁ ዙሪያውን በጨርቅ አፍናችሁ ምጠጡት። ማሽን ከሌለ በብስክሌት መንፊያ በቀስታ ከውጪ ንፉት። በኃይል አይደለም፤ መጋጠሚያው ግድግዳ ውስጥ ከተላቀቀ ሌላ ጣጣ ነው። በሽቦ መጎርጎርም ቱቦውን ይበሳዋል። ከተከፈተ በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥቡት።

የቱቦው ጫፍ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ውሃው እንደ ልብ አይወርድም። ጫፉን ከውሃው በላይ አድርጉት። መሃል ላይ የተቆለመመ ወይም ወደ ላይ የወጣ ቦታ ካለም አስተካክሉ፤ ውሃ ዳገት አይወጣም።

የውጪው አካል

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። የውጪው አካል ፎቅ ላይ፣ ከመስኮት ውጪ ግድግዳ ላይ ከተንጠለጠለ አትንኩት። ለንጽሕና ብሎ ከመስኮት መንጠልጠል ሞኝነት ነው። የመታጠቂያ ገመድና ልምድ ያለው ሰው ይሥራው። መሬት ላይ፣ በረንዳ ላይ ወይም ጣሪያ ላይ በደህና የሚደረስበት ከሆነ ግን እንቀጥል።

ብሬከሩ አሁንም መጥፋቱን እዩ። ዙሪያውን ያለውን ቅጠል፣ ፌስታል፣ የሸረሪት ድር፣ የወፍ ጎጆ አንሱ። ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ቁጥቋጦ ካለ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። አየር የሚተፋበት ፊቱ ደግሞ ከዚያም በላይ ክፍት ይሁን። ሰው መልኩን አልወድም ብሎ በሣጥን ሲዘጋው አያለሁ። የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ እንዴት ይቀዝቅዝ?

ፋኑ ያለበት ፊት ብዙ አይቆሽሽም። አየር የሚገባው ከጀርባና ከአንዱ ጎን ስለሆነ ቆሻሻው እዚያ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ደረቁን አራግፉ። ከዚያ በተራ የውሃ ጎማ፣ ውሃውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከላይ ወደ ታች አውርዱት። በሰያፍ አትርጩ፤ ፊኑ ይተኛል። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ያለው ማሽን ደግሞ አይሞከርም፤ በአንድ አፍታ መላውን ጎን ይደፈጥጠዋል። ገመዶቹ የሚገቡበትን ሳጥን ውሃ እንዳይመታው ተጠንቀቁ። የተኛ ፊን ካለ የፊን ማበጠሪያ የሚባል ርካሽ መሣሪያ ቀና ያደርገዋል።

እዚያው ሳላችሁ የእግሩን ብሎኖች አጥብቁ። ሌሊት ሌሊት ጎረቤት የሚያማርርበት ጉርምርምታ አንዳንዴ አንድ የላላ ብሎን ነው።

ቱቦዎቹ

የውስጡንና የውጪውን የሚያገናኙት ሁለት የመዳብ ቱቦዎች በስፖንጅ መሰል ጎማ ተሸፍነዋል። ፀሐይ የሚመታው ክፍል ጊዜ ሲያልፍ ይፈረፈራል። ራቁቱን የቀረ ቱቦ ቅዝቃዜውን ለውጪው አየር ይሰጣል፤ ቤት ውስጥ ከሆነም ያልበዋል፣ ጣሪያና ግድግዳ ያረጥባል። አዲስ የቱቦ ልብስ ገዝታችሁ አልብሱት፤ በላዩም ፀሐይ የሚችል ቴፕ ጠቅልሉ።

ቱቦዎቹ ከውጪው አካል ጋር በሚገናኙበት ቦታ ትልልቅ የነሐስ ዳዶዎች አሉ። አትፍቷቸው። አትኩራችሁ ብቻ እዩአቸው። ዙሪያቸው ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካለ ወሳኝ ፍንጭ ነው። ጋዙ ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ በሚያመልጥበት ቦታ ዘይትም ላብ ብሎ ይወጣል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ሪሞቱንም አትርሱ። ኤሲው ሳይነካ ወራት ሲያልፍ የባትሪ ድንጋዩ ፈሶ ሊሆን ይችላል። ቀይሩት፤ የዛገውን ጫፍ አጽዱት። «ኤሲው አልነሳ አለ» ተብሎ የተጠራ ባለሙያ ድንጋይ ቀይሮ የሄደበት ቤት ብዙ ነው።

አሁን እንሞክረው

ሁሉም ደርቆ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ብሬከሩን አብሩ። መጀመሪያ በፋን ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል አስነፍሱት፤ የቀረው እርጥበት ይደርቃል። ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣ ቀይሩና ሙቀቱን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር፣ ፋኑን ወደ ከፍተኛ አድርጉት። ኮምፕሬሰሩ ወዲያው ባይነሳ አትጨነቁ። ራሱን ለመጠበቅ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚጠብቅ አለ። አጥፍቶ ማብራት፣ አጥፍቶ ማብራት ግን ይጎዳዋል።

ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ቴርሞሜትር አምጡ። መጀመሪያ አየር የሚገባበት ከላይ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት አፍ ላይ ያዙት። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ኤሲያችሁ ጤነኛ ነው። ለምሳሌ የሚገባው 28 ከሆነ የሚወጣው 18 አካባቢ። አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን ልዩነቱ ጠበብ ሊል ይችላል፤ ጉልበቱ ውሃውን በማውጣት ላይ ስለሚያልቅ ነው። ውጪ ወጥታችሁም የሚተፋው አየር ሞቃት መሆኑን በእጃችሁ አረጋግጡ።

ቱቦው ወይም የውስጡ ኮይል በረዶ ከሠራ ማቀዝቀዣውን አጥፉና በፋን ብቻ እስኪቀልጥ አስነፍሱት። በረዶውን በስለት መፋቅ ኮይሉን ይበሳል። በረዶ የሚሠራው ወይ አየሩ ስለታፈነ ነው ወይ ጋዙ ስለጎደለ። ፊልተሩና ፋኑ ንጹሕ ሆነው ደግሞ በረዶ ከሠራ፣ ያኔ የጋዙ ጥያቄ ተራው ደርሷል።

ጋዝ ይሞላ ከተባለ

ከላይ ያለውን ሁሉ ሠርታችሁ ልዩነቱ ሦስት አራት ዲግሪ ብቻ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። ግን ጥያቄ ይዛችሁ ጠብቁት። የመጀመሪያው «ከየት አመለጠ?» የሚለው ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ተመልሶ ሊሞላ ነው። ዳዶው ላይ ያነሳችሁት ፎቶ ካለ አሳዩት። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ መውጣት አለበት። ከዚያ ጋዙ በሚዛን ተለክቶ ይገባል፤ በግምት አይደለም።

የጋዙ ዓይነትና ክብደት በውጪው አካል ጎን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል። አንብቡት። አር-22 የሚል ከሆነ አሮጌ ኤሲ ነው፤ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ጋዝ ነው። አር-410ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ግን ግፊቱ ከአር-22 በጣም ስለሚበልጥ በአር-22 ኤሲ ውስጥ አይገባም። አዳዲሶቹ ላይ የሚበዛው አር-32 ደግሞ ትንሽም ቢሆን የመቀጣጠል ባሕርይ አለው። አር-290 ፕሮፔን ነው፤ በደንብ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በእነዚህ ሁለቱ አጠገብ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ሳይጠነቀቅ እሳት የሚያነድ ቴክኒሻን ካያችሁ በትሕትና አስቁሙት። አንዱን ጋዝ በሌላው ላይ የሚደርብ ከሆነ ግን ትሕትናም አያስፈልግም።

የመስኮት ኤሲና ሌሎች

የመስኮት ኤሲ ሁለቱም ኮይሎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሆኑ ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ከባድ መሆኑ ነው። ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መልሳችሁ ስትገጥሙ ወደ ውጪ ትንሽ ዘንበል ማለቱንና ዙሪያው ያለው ስፖንጅ አለመቀደዱን እዩ። ባለ ጎማው ተንቀሳቃሽ ኤሲ ከሆነ ፊልተሩን እጠቡ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርጉ፣ ትኩስ አየር የሚወጣበትን ወፍራም ቱቦ ቀጥና አጭር አድርጉት።

ወቅቱ ከገባ በኋላ

ኤሲው በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ፊልተሩን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እጠቡ። መንገድ ዳር የሚኖር፣ ቤት ውስጥ ድመት ወይም ውሻ ያለው ሰው ወደ ሁለቱ ሳምንት ይጠጋ። ሙቀቱን 24 ወይም 25 ላይ ማድረግ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቶሎ ይቀዝቅዝ ብሎ 16 ላይ መጫን ደግሞ ብዙም አያፈጥነውም፤ ክፍሉ 16 እስኪደርስ ሳያርፍ እንዲሠራ ነው የሚያደርገው። ማታ ከማጥፋታችሁ በፊት አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በፋን ብቻ አስነፍሱት፤ ኮይሉ ደርቆ ያድራል። አንዳንዱ ኤሲ ይህን በራሱ ይሠራል፤ ሪሞቱ ላይ ይህን የሚያስነሳ ቁልፍ ካለ ጠዋት እንዳይሸታችሁ እሱን ተጫኑ።